የአማርኛ ሰነዶችን ከቅርጽ ወደ ቅርጽ የማሻገር ታሪክና ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ያለው ትርጉም

መግቢያ

ከላላ፣ ወግዲ፣ ቦረናና ሳይንት የሚገኙበት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ወደ ዓባይ በሚወርዱ ወንዞች ሸለቆ የተከፋፈለ አገር ነው። በዚህ አገር ከአንድ ትምህርት ቤት የሚወጣ ሰነድ የበላይ መሥሪያ ቤቱ ዘንድ እስኪደርስ ረጅም መንገድ መጓዝ ነበረበት። በጠቅላይ ግዛት ዘመን ቦረና ከወሎ አውራጃዎች አንዱ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ጠቅላይ ግዛቶች ክፍለ ሀገር ተባሉ፤ በ1980 ዓ.ም. ደቡብ ወሎ ራሱን የቻለ የአስተዳደር አካባቢ ሆነ፤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የክልል፣ የዞንና የወረዳ አወቃቀር ተተካ። መሥሪያ ቤቶቹ ስማቸውንና ወሰናቸውን በለወጡ ቁጥር የመዝገብ ቤቶቻቸው ፋይሎች ከአንዱ ወደ ሌላው ተዘዋውረዋል። ትምህርት ቤቱ ግን በቦታው ነው፤ በውስጡ የተማረውና ያስተማረው ሰውም ማስረጃውን የሚፈልገው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

የአንድ መምህር የግል ማኅደር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ መምህር ጡረታ ሲወጣ ማኅደሩ በአራት ዐይነት ጽሕፈት የተሞላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ የቅጥሩ ማመልከቻ በእጅ፣ የቅጥር ደብዳቤው በጽሕፈት መኪና፣ የደረጃ ዕድገቱ ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የኮምፒዩተር ፊደል፣ የመጨረሻው የደመወዝ ማስተካከያ ደግሞ በዩኒኮድ የተጻፈ። በወረቀት የታተመው ሁሉ ይነበባል። በኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ የቀረው ግን ዘመኑ ያለፈበት ፊደል ከሌለ የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል። የአገልግሎት ዘመን የሚቆጠረው፣ የተማሪ ውጤት የሚረጋገጠው በእነዚህ ሰነዶች ስለሆነ፣ ፋይሎችን በጅምላ ከአንድ ቅርጽ ወደ ሌላ የማሻገር ጉዳይ ለኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአማርኛና የግእዝ ጽሑፍ ከቅርጽ ወደ ቅርጽ የተሻገረባቸውን ዋና ዋና ደረጃዎች ባጭሩ ማስታወስና ከዚያ ለዛሬው ሥራ የሚጠቅመውን ትምህርት ማውጣት ነው። ማናቸውም ሰነድ ሁለት ነገር ይዟል፤ አንዱ መልኩ፣ ሌላው ቃሉ። እያንዳንዱ የማሻገር ሥራ ከሁለቱ አንዱን ሲጠብቅ ሌላውን ለጉዳት ሊያጋልጥ እንደሚችል ታሪኩ ያሳያል።

1. ከብራና ወደ ፊልም፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ምሳሌ

በደቡብ ወሎ ውስጥ ስለ ሰነድ ማሻገር ሲነገር ቀዳሚው ምሳሌ ከደሴ በስተሰሜን የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። የገዳሙ ታላቅ መምህር አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ1280 ወይም 1281 እ.ኤ.አ. ያስጻፉት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። በዚያ ዘመን አንድን ጽሑፍ ማሻገር ማለት መቅዳት ነበር። ጸሓፊው ብራናውን ይፍቃል፣ ያሰምራል፣ ቀለሙን ይበጠብጣል፣ ከፊቱ የተዘረጋውን መጽሐፍ ቃል በቃል ይገለብጣል። በዚህ አሠራር ቃሉ ይሻገራል፤ የቀድሞው መጽሐፍ መልክ፣ የእጅ ጽሑፉና የኅዳጉ ማስታወሻ ግን ብዙውን ጊዜ ከአሮጌው ብራና ጋር ይቀራል። ቀጂው ሲደክም አንድ መሥመር ቢዘልል ስሕተቱ ከዚያ በኋላ በሚቀዱት ሁሉ ይቀጥላል።

በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ነገሩን በሌላ መንገድ ያዘው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት በኮሌጅቪል ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና ቤተ መጻሕፍትና የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በተባበሩበት በዚህ ሥራ ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍት በፊልም ተነሥተዋል። የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል በዚሁ ስብስብ ውስጥ 1832ኛ ቁጥር ተሰጥቶታል። የፊልሙ ቅጂ አንዱ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በኮሌጅቪል እንዲቀመጥ ተደረገ። ሥራው የተካሄደው አገሪቱ በአብዮትና በጦርነት በምትናጥበት ዘመን መሆኑ ሲታሰብ፣ ቅጂን በሁለት ሩቅ ቦታዎች የማኖር ጥቅም በቀላሉ ይታያል።

ፊልሙ ከእጅ ቅጂ በተቃራኒ መልክን ጠበቀ። የብራናው ቀዳዳ፣ የቀለሙ መደብዘዝ፣ በኅዳግ የተጻፈው የርስት ማስታወሻ ሳይቀር ተነሣ። ይሁን እንጂ ፊልም በውስጡ ምን እንደተጻፈ ራሱ አይናገርም። በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ምስል ሲከማች የሚፈለገውን ለማግኘት የሚያስችለው ካታሎግ ነው። ይህን ከባድ ሥራ ዊልያም ማኮምበርና ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኮሌጅቪል የሠሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ተሸክመውታል። እያንዳንዱ መጽሐፍ ተነብቦ፣ ይዘቱ ተለይቶ፣ ዘመኑ ተገምቶ በተከታታይ ቅጾች ታትሟል። በኋላ ፊልሙ ወደ ኮምፒዩተር ምስል ሲሻገር፣ የዓለም ተመራማሪ የፈለገውን መጽሐፍ በቁጥሩ ሊያገኝ የቻለው ካታሎጉ አስቀድሞ ስለተሠራ ነው። ያለ ካታሎግ የተሻገረ ሰነድ ከመጥፋት ይዳን እንጂ ከመረሳት አይድንም።

2. የጽሕፈት መኪናና የካርቦን ዘመን

የመንግሥት ሥራ በሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች መከፋፈል የጀመረው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። የደብዳቤው ብዛት እየጨመረ ሲሄድ የእጅ ጽሕፈት ብቻውን ሊያዳርስ አልቻለም። ከጣሊያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት የደከሙት ለዚህ ነበር። የመኪናው ዋና ችግር የቁልፎቹ ቁጥር ነው። ለላቲን ፊደል የተሠራ መኪና ከሃምሳ ያልበለጡ ቁልፎች ሲኖሩት፣ 33ቱ የአማርኛ የፊደል ቤቶች በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ። መፍትሔው ፊደሉን መሰንጠቅ ሆነ፤ ግእዙ በአንድ ቁልፍ ይመታል፣ የካዕቡ ወይም የሣልሱ ቅጥያ በሌላ ቁልፍ ይጨመራል።

በዚህ ዘዴ የተመታው ደብዳቤ ቅጥያው ከፊደሉ ትንሽ ራቅ ብሎ ይታይ ነበር። ሆኖም በአገሪቱ ሁሉ የመዝገብ ቤት ሥራ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በእርሱ ተካሂዷል። በካርቦን ሁለትና ሦስት ቅጂ ይወጣል፤ አንዱ ለባለጉዳዩ፣ አንዱ ለበላይ መሥሪያ ቤት፣ አንዱ ለፋይል። ፈተናና የትምህርት መምሪያ በስቴንስል ተመትቶ በማባዣ ይባዛል። የዚህ አሠራር ታላቅ ጥቅም የቅጂ ብዛት ነበር፤ በትምህርት ቤቱ የጠፋ የውጤት ዝርዝር በአውራጃው ወይም ደሴ በሚገኘው ጽሕፈት ቤት ሊገኝ ይችል ነበርና። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የቤተ መዛግብቱን ሥራ ጨምሮ የሚመራው ድርጅት በአዋጅ ቁጥር 179/1991 ተቋቋመ። ነገር ግን ሰነድ መጀመሪያ የሚጠበቀው በተወለደበት መሥሪያ ቤት እንደሆነ ግልጽ ነው።

3. ፊደል በኮምፒዩተር፤ የብዙ ሰንጠረዦች ዘመን

የአማርኛ ፊደልን በግል ኮምፒዩተር የመጻፍ ሥራ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲጀመር የጽሕፈት መኪናው ችግር በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ። ኮምፒዩተር ፊደልን አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥርን ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ በነበረው አሠራር ለአንድ ፎንት የተመደበው 256 ቦታ ሲሆን፣ ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ 32 ለማሽኑ መቆጣጠሪያ የተያዙ ነበሩ። በቀረው 224 ቦታ 231ዱን ፊደላት፣ እንደ ቋ፣ ጓና ሟ ያሉትን ዲቃሎች፣ 20ዎቹን የግእዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦችን ማስገባት አልተቻለም።

እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን መፍትሔ ፈጠረ። አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለት ለሦስት ፎንት አከፋፈለው፤ አንዳንዱ እንደ ጽሕፈት መኪናው በቅጥያ አቀናጀው። በውጭ አገር የነበሩት ዶክተር አበራ ሞላና አቶ ፍስሐ አጥላው ቀድመው ከጀመሩት መካከል ናቸው። አቶ ዳንኤል ያዕቆብና ዶክተር ይትና ፍርድይወቅ ደግሞ ግእዝን በላቲን ፊደል ለኮምፒዩተር የማቀበያ ሥርዓት አዘጋጁ። በአገር ውስጥ መሥሪያ ቤቶች ፓወር ግእዝ፣ ቪዥዋል ግእዝ፣ አጋፋሪና ሌሎችም በስፋት ተሠራባቸው። እነዚህ ፕሮግራሞች ለአማርኛ ትልቅ ውለታ ውለዋል፤ እነርሱ ባይኖሩ የመንግሥት ሥራ በኮምፒዩተር በአማርኛ ሊካሄድ ባልቻለም ነበር።

ችግሩ ሰንጠረዦቹ አለመስማማታቸው ነበር። በአንዱ ፕሮግራም ለ«ለ» የተሰጠው ቁጥር በሌላው ለ«ሸ» ሊሰጥ ይችላል፤ ሁለቱም ቁጥሮች ደግሞ በመሠረቱ የላቲን ፊደል ቦታዎች ናቸው። በመሆኑም በአንድ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ያው ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ሆኖ ይታያል። ሰነዱ አልጠፋም፤ ቁልፉ ግን ሌላ ቦታ ቀርቷል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ወረዳዎችን በመረብ የሚያገናኘው ወረዳ ኔት ሲዘረጋ የፋይል ልውውጡ ስለጨመረ ይህ አለመጣጣም ይበልጥ ጎልቶ ተሰማ።

4. የዩኒኮድ መምጣት

የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ ሰንጠረዥ ለማኖር የተቋቋመው የዩኒኮድ ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሦስተኛ እትም የግእዝን ፊደል አስገባ። በመጀመሪያው ምደባ 345 ምልክቶች ተመዘገቡ። ፊደሎቹ በሀለሐመ ቅደም ተከተል ተደረደሩ፤ «ሀ» 4608፣ «ለ» 4616፣ «ሐ» 4624፣ «መ» 4632 ተባሉ፤ ለእያንዳንዱ ቤትም ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ በ2005፣ በ2010 እና በ2021 እ.ኤ.አ. ለሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨምረዋል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ ቪስታ ሥርዓት ንያላ የተባለውን የግእዝ ፎንት ይዞ ስለመጣ፣ አማርኛ ልዩ ፕሮግራም ሳይገዛ በተራ ኮምፒዩተር መነበብ ጀመረ።

ለትምህርት ጽሕፈት ቤት የዩኒኮድ ጥቅም የሚታይ ነው። የተማሪዎች ስም ዝርዝር በሰንጠረዥ ሲደረደር በፊደል ተራ ይሰለፋል፤ በቀድሞዎቹ ፎንቶች ግን ማሽኑ የሚደረድረው በላቲኑ ቁጥር ስለሆነ ተራው የተዘበራረቀ ይሆን ነበር። የተፈለገው ስም ከሺህ ገጽ መካከል በቅጽበት ይገኛል። ይሁንና የዩኒኮድ መምጣት ቀድሞ የተጻፈውን አልለወጠም። የቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች ሠሪዎችም በኋላ በዩኒኮድ የሚሠሩ ፎንቶች አውጥተዋል፤ አሮጌው ፋይል ግን አንድ ሰው እስኪያሻግረው ድረስ በአሮጌ ቁጥሩ ይቆያል።

5. ዕቃውን መለወጥና ፊደሉን መለወጥ

በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ሥራዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ፎርማት የሚባለውን የፋይል ቅርጽ መለወጥ ነው፤ ለምሳሌ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. በነበረው የማይክሮሶፍት ወርድ ቅርጽ የተቀመጠውን ደብዳቤ ከ2007 ወዲህ ወዳለው ቅርጽ፣ ወይም በ2006 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ደረጃ ወደተሰጠው ክፍት የሰነድ ቅርጽ፣ ወይም ወደ ፒዲኤፍ ማዞር። ይህን እንደ ሊብሬ ኦፊስ ያለ ነጻ ፕሮግራም በአንድ ትእዛዝ ለአንድ ማኅደር ፋይሎች ሁሉ ሊፈጽመው ይችላል። ሁለተኛው በውስጡ ያሉትን ፊደሎች ከአሮጌው ሰንጠረዥ ወደ ዩኒኮድ ማሻገር ነው። የመጀመሪያው ሲፈጸም ሁለተኛው የተፈጸመ የሚመስለው ሠራተኛ በብርቱ ይታለላል። የዕቃው ዐይነት ተለውጧል፤ በውስጡ ያለው ግን ያው የላቲን ቁጥር ነው።

ፒዲኤፍ በተለይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ2005 እ.ኤ.አ. ለቤተ መዛግብት ተብሎ የወጣው የፒዲኤፍ ደረጃ ፎንቱ በሰነዱ ውስጥ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። ስለዚህ በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ በዚህ ደረጃ ቢቀመጥ ከብዙ ዓመታት በኋላም በትክክል ይታያል። ደረጃው ግን ሁለት እርከን አለው፤ ዝቅተኛው መልኩ እንዲጠበቅ ብቻ ሲጠይቅ፣ ከፍተኛው ቃሉም በዩኒኮድ እንዲታወቅ ይጠይቃል። በዝቅተኛው እርከን የተቀመጠ የአሮጌ ፎንት ሰነድ ለዐይን ይነበባል፤ በስም ቢፈለግ ግን አይገኝም። ይህም ከማይክሮፊልሙ ጋር ተመሳሳይ ነው፤ መልክ አለ፣ ካታሎግ ካልታከለበት ግን ቃሉ ተዘግቷል።

ወደ ዩኒኮድ ማሻገር ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። ማሻገሪያው ፕሮግራም የትኛው ክፍል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ማወቅ አለበት። ሰነዱ አስቀድሞ ፎንት ወደሌለው ተራ ጽሑፍ ከተለወጠ ይህ ምልክት ይጠፋል፤ በመካከሉ ያለ የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ እንደ አማርኛ ተቆጥሮ ይበላሻል። ቁጥርም እንደዚሁ ነው። ለቁጥር የተለየ ፎንት በተጠቀመ ሰነድ ውስጥ ፎንቱ ካልተለየ የተማሪው ውጤት ወደ ፊደል ሊለወጥ ይችላል። ፊደል ሲበላሽ አንባቢ ያስተውለዋል፤ 78 በ87 ቢተካ ግን ማንም ላያስተውለው ይችላል።

ከውጭው ዓለም አንድ ምሳሌ መጥቀስ ይበቃል። በእንግሊዝ አገር በ1086 እ.ኤ.አ. በብራና የተጻፈው የመሬትና የሀብት ቆጠራ መዝገብ ዛሬም ይነበባል። የዚህን መዝገብ 900ኛ ዓመት ለማሰብ የቢቢሲ ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. በሌዘር ዲስክ ያዘጋጀው አዲስ መዝገብ ግን ልዩ ማሽን የሚፈልግ ስለነበረ ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ ለማንበብ ከባድ ሆኖ በብዙ ጥረት ዳነ። ሀብትና ባለሙያ የሞላበት አገር እንዲህ ከደረሰበት፣ ለአንድ የደጋ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ነገሩ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

6. የሥራው ቅደም ተከተል

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ በመነሣት፣ እንደ ከላላና መካነ ሰላም ባሉ ቦታዎች የሚገኝ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰነዶቹን ሲያሻግር የሚከተለውን ቢጠብቅ ይጠቅመዋል።

ሀ. አስቀድሞ መቁጠር። በየኮምፒዩተሩና በየዲስኩ ያሉ ፋይሎች ብዛት፣ ዓመተ ምሕረታቸውና የተጻፉበት ፎንት በዝርዝር ይመዝገብ። ያልተቆጠረ ፋይል ቢጠፋም መጥፋቱ አይታወቅም።

ለ. ዋናውን አለመንካት። የማሻገሩ ሥራ በቅጂ ላይ ይሠራ፤ አሮጌው ፋይል ከነፎንቱ በተለየ ቦታ ይቀመጥ። ዛሬ የተሠራው ማሻገር ስሕተት ቢገኝበት ነገ እንደገና የሚሠራው ዋናው ካለ ብቻ ነው።

ሐ. በጥቂቱ መሞከር። ከየዓመቱና ከየፎንቱ ጥቂት ሰነዶች ተመርጠው ይሻገሩ። የተገኘው ስሕተት በሰንጠረዡ ላይ ከታረመ በኋላ ጅምላው ይከተል።

መ. ስምና ቁጥርን በዐይን ማመሳከር። አንዱ አሮጌውን ሲያነብ ሌላው አዲሱን ይከታተል። የውጤት ዝርዝር፣ የደመወዝ መጠንና የአገልግሎት ዘመን በናሙና ብቻ መታለፍ የለባቸውም።

ሠ. አጻጻፍን አለማረም። አንድ ሰው ስሙን በ«ኃ» ጽፎት ከሆነ በ«ሀ» መተካት አይገባም። ሁለት ሁለት ነጥብ ተደርድሮ የተጻፈን አራት ነጥብ ማስተካከል ጉዳት የለውም፤ ስም ግን የሕግ ማስረጃ ነው። የተለያየ አጻጻፍ ያላቸውን ስሞች የሚያገናኝ ማውጫ ለብቻው ሊዘጋጅ ይችላል።

ረ. መልክንም ቃልንም ማስቀመጥ። ፊርማና ማኅተም ያለበት ሰነድ በመልኩ በፒዲኤፍ፣ ጽሑፉ ደግሞ በዩኒኮድ ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ ሁለቱም በአንድ የመዝገብ ቁጥር ይታወቁ።

ሰ. በሁለት ቦታ ማኖር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በደረሰ ጊዜ በዞኑ ብዙ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ጉዳት ደርሶባቸዋል። የካርቦኑ ዘመን በተፈጥሮው ያስገኘውን የቅጂ ብዛት የኮምፒዩተሩ ዘመን በዕቅድ ካላስገኘው አያገኘውም።

ማጠቃለያ

የሐይቅ ጸሓፊ ቃሉን፣ የማይክሮፊልሙ ሠራተኛ መልኩን፣ የካርቦኑ ጸሓፊ ብዛቱን ጠብቀው አሳልፈዋል። የዛሬው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሦስቱንም በአንድነት ሊጠብቅ የሚችልበት መሣሪያ አለው። የሚያስፈልገው መሣሪያውን መግዛት ብቻ ሳይሆን ሥራውን የሚያመሳክር ሰውና ጊዜ መመደብ ነው። ዕቅድ አውጪዎች ለማሻገር ሥራ በጀት ሲይዙ የማመሳከሪያውን የሰው ጉልበት አብረው ሊያስቡ ይገባል፤ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም ዕጩ መምህራን የውጤት መዝገብን በዩኒኮድ መያዝንና ቅጂ ማኖርን ተምረው እንዲወጡ ቢያደርጉ ሸክሙ ከምንጩ ይቀላል። በመጨረሻም ሊታወስ የሚገባው አሮጌ ፋይል በቆየ ቁጥር የሚያነበው ፕሮግራምና ፎንቱን የሚያውቀው ሠራተኛ እየቀነሱ መሄዳቸው ነው። ያንን ፎንት ሲጽፍበት የኖረው ጸሓፊ በመሥሪያ ቤቱ ሳለ ሥራው ቢጀመር፣ ማሽኑ ሊመልሰው የማይችለውን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ይገኛል።